መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት

ጥቅምት 9

ለማላውቅዎ ሰው፤

ጤና ይስጥልኝ። ስምዎን አላውቀውም። የሆስፒታላችን የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘልኝ «ቆጣቢው» የሚል መጠሪያና አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ነው። ትልቅ ሰው በቅጽል ስም ተሸፍኖ ሥራ መሥራቱ ገርሞኛል፤ እኔ ስሳሳት ስሜ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። በኢሜይል ያልጻፍኩልዎ ስለዚህ ጉዳይ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አንዲት ቃል እንዳልጽፍ ስለታዘዝኩ ነው። ሌላ ኢሜይል የለኝም።

ነርስ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ አራቱን የልብ ሕሙማን በሚተኙበት ባለ ስምንት አልጋ ክፍል። መግቢያው ላይ ባለችው ጠረጴዛችን የስምንቱንም ሰው የልብ ምት አንድ ላይ የሚያሳይ ሞኒተር አለ። የአንዱ ምት ሲዛባ ይጮኻል። በአንድ ተራ ሁለት ነርሶች ብቻ ስለምንገባ ስምንት ሰው አጠገብ ባንዴ መቆም አንችልም። ዓይናችንም ጆሯችንም እሱ ነው።

መስከረም 17 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ምሳ ወጥታ እኔ የሁለት ቁጥርን ቁስል እያጠብኩ ነበር። ስድስት ቁጥር የተኙት ልብስ ሰፊ ናቸው። በገቡ ቀን የጋውኔን ትከሻ አገላብጠው አይተው «ይህን የሰፋው ሰው እስካሁን አልታሰረም?» ያሉኝ ሰውዬ ናቸው። ከሞኒተሩ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት የልጃቸውን ጩኸት ነው። ስደርስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳይ የስድስት ቁጥር ምት ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ያምራል። ደግሜ ሳየው ግን አይንቀሳቀስም። የስምንቱም አይንቀሳቀስም። ስንጠብቅ የቆየነው ፎቶግራፍ ነው።

ልባቸውን መለስነው። በሕይወት አሉ። ንግግራቸው ግን አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን የሞኒተሩ አምራች ድርጅት ወኪል መጣና «ነርሷ ማቆሚያውን ተጭናለች» ብሎ ጽፎ ሄደ። እኔ አሁን ከክፍሌ ተነሥቼ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ አጥፋለሁ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ለታኅሣሥ 20 ቀጥሮኛል፤ ከፈረዱብኝ የነርስነት ፈቃዴ ይወሰዳል።

ከሞኒተሩ ጎን ያለችው ትንሽ ማተሚያ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ወረቀት አውጥታ ነበር። «ጥገናው» የምንለው ያ የመሣሪያ ባለሙያ ከቆሻሻ ቅርጫት ነው ያነሣት። እንዲህ ትላለች፦ «ቦታ ጠይቄ ተከልከልኩ። አቁሜያለሁ። መስመር 412።» «ተከለከልኩ» የሚለውን እንኳ አስተካክለው አልጻፉትም። ማሽኑ በገዛ አፉ «አቁሜያለሁ» እያለ እኔ «አቁመሻል» እባላለሁ። ጥገናው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲፈልግ የደረሰው እርስዎ ገጽ ላይ ነው። የጻፉት እርስዎ ነዎት? ከሆኑስ ምን አስበው ነው?

የስምንት አልጋዋ ሲስተር


ጥቅምት 21

ለተከበሩ ሲስተር፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በታማሚው ላይ በደረሰው ነገር አዝኛለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ማሽኑ ግን የእኔ አይደለም፤ የጠቀሱትን ድርጅትም አላውቀውም። በእኛ ሥራ ላይብረሪ የምንለው መጽሐፍ የሚደረደርበትን ቤት ሳይሆን አንድ ሰው ጽፎ ለሁሉም የሚለቀውን ኮድ ነው። ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡታል። የእኔ ላይብረሪ «ቋጠሮ» ይባላል፤ ብዙ ቁጥሮችን ጠቅልሎ በትንሽ ቦታ ያስቀምጣል። ማንም ሰው በነጻ ይወስደዋል። አብሮት ላይሰንስ የሚባል ጽሑፍ ይሄዳል። ኮዱ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገረውን የጸሐፊውን ማሳወቂያ አታንሣ ይላል፤ ኮዱን ከለወጥክ እንደለወጥከው ተናገር ይላል፤ በመጨረሻም ይህ ኮድ ያለ ምንም ዋስትና የተሰጠ ስለሆነ ለሚደርሰው ጉዳት ጸሐፊው አይጠየቅም ይላል።

ስለዚህ ጉዳዩ እኔን የሚመለከት አይመስለኝም። አቤቱታዎን ለድርጅቱ ቢያቀርቡ ይሻላል። የወረቀቷን ፎቶ ኮፒ ከላኩልኝ ግን ለማየት ፈቃደኛ ነኝ።

አክባሪዎ፣
ቆጣቢው


ኅዳር 2

ለአቶ ያለ ዋስትና፤

ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ከቦይለሩ እንፋሎት የበለጠ እሱ አቃጠለኝ።

በነጻ ነው የሰጠሁት ይላሉ። እኔም ተራዬ አልቆ፣ ጫማዬን ቀይሬ፣ የሚተካኝ ሰው ሲቀር ተመልሼ በነጻ የቆምኩባቸው ቀኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ያን ጊዜ የተሳሳተ መርፌ ብወጋ «ይህ ሰዓት ያለ ዋስትና የተሰጠ ነው» ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ እሄዳለሁ? አንድ ሰው በነጻ የሠራውን ነገር ሌላው እንዲተማመንበት አይፈልግም ማለት ነው? ካልፈለገ ለምን ይለቀዋል?

ስለ ልብስ ሰፊው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እነግርዎ ነበር። ሳይጠይቁም እነግርዎታለሁ። ልጃቸው መምህርት ናት። የፊደል ሰሌዳ ይዛ ትመጣና ጣታቸውን ይዛ ታሳያቸዋለች። ሰውዬው መርፌና ክር ሲሰጧቸው በቅጽበት ያስገባሉ፤ የልጃቸውን ስም ግን ማለት አልቻሉም። ከንፈራቸው ይጀምርና ይቀራል። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰሌዳውን ትገለብጣለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ነው የምታለቅሰው።

ወኪሉ ባለፈው ሳምንት እንደገና መጥቶ ነበር። ጥገናው ወረቀቷን አሳየው። ወኪሉ ሳያነባት «በማሽናችን ውስጥ ከውጭ የገባ አንዲት መስመር የለም፤ ሁሉንም የጻፉት የራሳችን ልጆች ናቸው» አለ። እዚያ አልነበርኩም፤ ጥገናው ነው የነገረኝ። ታዲያ ያቺን «ተከልከልኩ» የምትል ስሕተት እርስዎ በቤትዎ፣ የእነሱ ልጆች በቢሯቸው፣ ሳትተዋወቁ እኩል ተሳሳታችኋት?

ፎቶ ኮፒው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ፈቃደኛ ስለሆኑ አመሰግናለሁ።

ሲስተር


ኅዳር 13

ሲስተር፤

እንደምን ሰነበቱ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አሁን እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «አቶ ያለ ዋስትና» ያሉትን አይታ ሳቀች፤ ቀሪውን ካነበበች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ፎቶ ኮፒውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን አየሁት። በዛሬው ቋጠሮ መስመር 412 ባዶ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከነስሕተቷ ያለችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በለቀቅኩት በመጀመሪያው ቨርዥን፣ ማለትም በመጀመሪያው እትም፣ ብቻ ነው። ድርጅቱ ያንን ወስዶ፣ ከአናቱ ላይ ማሳወቂያውንና ላይሰንሱን ፍቆ፣ ማሽን ውስጥ ጨምሮ ሸጦታል ማለት ነው።

ነገሩን እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ቤት ባለቤት ያስቡት፤ ዋናው ፕሮግራም ባለቤቱ ነው፣ ላይብረሪው እንግዳው። ፕሮግራም ሲሠራ ሜሞሪ በሚባለው የማሽኑ ማስታወሻ ላይ በየጊዜው ቦታ ይጠይቃል። ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል፣ ይሰጠዋል። ማሽኑ ለወራት ሳይጠፋ ሲሠራ ግን ይሞላና «የለም» ይባላል። «የለም» የተባለ ላይብረሪ ማድረግ ያለበት ወደ ውስጡ ላስገባው ፕሮግራም ዞሮ «አልሰጡኝም» ማለት ነው። ከዚያ ዋናው ፕሮግራም ይወስናል። የድሮ መረጃ ጥሎ ቦታ ያስለቅቃል፤ ወይም ይጮኻል፤ ሰው ይጠራል። በመጀመሪያው ቨርዥን ግን ስሕተት ነበረ። «የለም» ሲባል ዋናውን ፕሮግራም ጭምር ይዘጋል። የእናንተ ስክሪን የመጨረሻ ሥዕሉን ይዞ የቀረው፣ አላርሙም ያልጮኸው ለዚህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አስተካክዬው፣ የድሮውን የያዘ ሁሉ እንዲለውጥ ማስጠንቀቂያ ገጹ ላይ ለጥፌያለሁ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርዎ። ስሜን ስላነሡት አይደለም፤ ስሜንማ ራሴ በቅጽል ሸፍኜዋለሁ። ያ ማሳወቂያ ግን አድራሻ ነው። ኮዱ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። እሱን ከፋቁ በኋላ እዚያ ድርጅት የተቀጠረ ደግ ፕሮግራመር እንኳ ቢኖር፣ ማስጠንቀቂያ ይኑር አይኑር የት ሄዶ ይጠይቃል? ሌባ ቢሰርቀኝ አይቆጨኝም ነበር፤ ምክንያቱም በነጻ የተሰጠ ነገር አይሰረቅም። እነሱ ግን በነጻ የተሰጣቸውን የሰረቁት እንዳይጠየቁ ብለው ነው።

ጻፍኩላቸው። በአራተኛው ቀን «እንዲህ ያለ ኮድ አናውቅም» ብለው መለሱ፤ ከግርጌ ስለ ስም ማጥፋት የሚናገር የሕግ አንቀጽ ጨምረውበታል። ለኮሚቴው ታኅሣሥ 20 እመጣለሁ ብለው ይንገሩልኝ።

ቆጣቢው


ታኅሣሥ 1

ሲስተር፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የሁለተኛውን መልስ ያዘገየው ፖስታ ቤቱ አይደለም።

«ስሕተት ነበረ ይላሉ፤ ስሕተት በራሱ አይበቅልም፤ ማን ነው ያደረገው?» ብለው ጠይቀዋል። ያን ጊዜ ከሌሎች ጋር ነበር የሚሠሩት ወይ ብለውም ጠይቀዋል። ብቻዬን ነበርኩ። ሌላ ሰው የነካው መስመር የለም።

ስሕተት ያልኩዎት እውነት አይደለም። ረስቼ አይደለም፤ አስቤ ነው የጻፍኩት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ጫማ ሱቅ ላይ ባለች ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ቆዳና ማስቲሽ ይሸተኝ ነበር ቀኑን ሙሉ። በየጥያቄው «ተሰጠኝ? አልተሰጠኝም?» እያሉ መፈተሽ ኮዱን ያስረዝማል ብዬ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰበሰብኩና «አልተሰጠኝም» ከተባለ ሁሉ ነገር ይዘጋ አልኩ። አጭርና ያማረ መሰለኝ። «ቆጣቢው» የሚለውንም ስም ያወጡልኝ በዚያ አድንቀውኝ ነው።

ቋጠሮን ከለቀቅኩ በሦስተኛው ወር አንዲት የአየር ትንበያ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ፕሮግራመር ጻፈችልኝ። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው መቀመጫ ስላጣ የሰው ቤት አያፈርስም፤ ባለቤቱን ይጠራል አለችኝ። በአክብሮት ነው የጻፈችው፤ ማስተካከያውንም ሠርታ ልካለች። እኔ ሁሉም ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ምን ብዬ መለስኩላት መሰለዎት፦ «ሜሞሪ ያለቀበት ማሽን ሞቷል፤ እኔ ሬሳ አላክምም።» ሰዎች ሳቁ። እሷ ድጋሚ አልጻፈችም። ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ ሌሎች አሥር ሰዎች ያንኑ ሲሉኝ፣ የእሷን ማስተካከያ አስገባሁት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ድርጅቱ የወሰደው በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሞኒተሩን ያቆመው ማነው ካሉኝ፣ እጁ የእነሱ ነው፤ ሐሳቡ የእኔ ነው።

ያማከርኩት ጠበቃ ላይሰንሱ ስለሚከልለኝ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ይህን ማለት አያስፈልግም ይላል፤ ቨርዥኑ የእኔ መሆኑን ብቻ ተናግሬ እንድወጣ ይመክረኛል። አለቃዬም የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከዚያ ድርጅት ጋር ውል ስላለው እንዳልሄድ ነግሮኛል። እርስዎ የሚሉኝን እጠብቃለሁ። ምንም ቢሉኝ አይበዛብኝም።

ቆጣቢው


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ ከአንሶላዎቹ ሥር ደበቅኩት። አምስት ቀን አልነካሁትም።

«ሬሳ አላክምም» የሚለውን ልተወው ብልም አልቻልኩም። የልብስ ሰፊው ልብ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ሬሳ ናቸው ብዬ እጄን አጣጥፌ ብቆም ዛሬ መርፌ የሚያስገባ ሰው አይኖርም ነበር። አልጋው ላይ ወጥቼ ደረታቸውን ተጫንኩ። የጎን አጥንታቸው ሲሰበር ተሰማኝ፤ አሁንም መዳፌ ላይ አለ። እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ለሳቅ የምትወረውሯት ቃል የት እንደምታርፍ አታዩም። በዚህ ተናድጃለሁ፤ የምበርድበትም ቀን ሩቅ ነው። ያቺን የአየር ትንበያ ሴትዮም ፈልገው ይጻፉላት። ይህ ምክር አይደለም።

እንዲህ ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ የራሴን ካልተናገርኩ ኮሚቴው ፊት ዓይንዎን ማየት አልችልም።

ድርጅቱ ቁልፍ ተጭናለች ሲል ፈጽሞ አልነካሁም ብዬ ፈርሜያለሁ። ነክቻለሁ። ሁለት ቁጥር ሲገላበጡ ሽቦው እየላላ ሞኒተሩ በከንቱ ይጮኽ ነበር፤ የድምፅ ማጥፊያዋን ተጫንኩ። ሁላችንም እንጫናለን። የምታጠፋው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በራሷ ትመለሳለች። ይህን ያደረግኩት ስድስት ቁጥር ከመጥቆራቸው አርባ ደቂቃ በፊት ነው። በነገሩ ውስጥ ምንም ድርሻ እንደሌለው ጥገናው አስረድቶኛል። ግን ያን ቀን ሲጠይቁኝ የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረንም ወኪሉም ፊቴ ቆመው ነበር፤ «አዎ» ካልኩ ሌላውን ማንም አይሰማኝም ብዬ ፈራሁ። አሁን ማሽኑ የቁልፉን ሰዓት መዝግቦ ከሆነ ውሸታም እኔ ነኝ፤ እነሱም ይህን ይዘው እየጠበቁኝ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለታችንም እንናገር። ጠበቃዎ የሚለውን ሰምቻለሁ። አለቃዎ የሚሉትንም። እኔ ይምጡ ብዬ አልለምንዎትም፤ እንጀራዎ ነው። ከመጡ ግን ግማሹን ይዘው አይምጡ። የልብስ ሰፊው ልጅ እዚያ ትቀመጣለች።

ሲስተር


ጥር 4

እህቴ፤

ሳልሰናበት በመሄዴ ተቀይመዋል፤ ልክ ነዎት። የቸኮልኩት ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ምክንያቱን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለዚያ ክፍል። እርስዎ ወረቀትዎን አስቀምጠው «የፈረምኩት ውሸት ነው» ሲሉ ወኪሉ ፈገግ አለ። ሰዓቱንና ሁለቱን ደቂቃ ሲናገሩ፣ ጥገናውም የቁልፏን አሠራር በማሽኑ ላይ ሲያሳይ ግን ፈገግታው ጠፋ። አልነገርኩዎትም እንጂ እኔ ቀድሜ ብናገር ኖሮ ግማሹን ይዤ እወጣ ነበር። ጠበቃዬ ያዘጋጀልኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። እርስዎን ካየሁ በኋላ አላወጣሁትም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወኪሉን ኮዳችሁን እዚህ ክፈቱና መስመር 412ን አሳዩን ሲሉት ምስጢር ነው ብሎ እምቢ አለ፤ እሳቸውም እምቢታውን ጻፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያቺን መስመር የጻፏት ተሳስተው ነው?» አሉኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ልክ መስሎኝ ነው። ልክ አይደለሽም ያልኳት ሰው ነበረች፤ እሷ ነበረች ልክ።»

የቀረውን ያውቁታል። ወደ ክፍልዎ መመለስዎን፣ ላልተናገሩት እውነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መቀበልዎን አብሬ ሰምቻለሁ። ማስጠንቀቂያው አግባብ አይደለም ብለው እንዳልተከራከሩ አይቻለሁ።

ስወጣ የልብስ ሰፊው ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምትጠይቅ ሆና «ሲያስተካክሉት ለማን ነገሩ?» አለችኝ። ገጹ ላይ ለጠፍኩት አልኳት። «እሺ፤ ለማን ነገሩ?» አለች ደግማ። ከዚያ በኋላ እርስዎን አይቼ «ደኅና ይሁኑ» ማለት አፍሬ ነው የሄድኩት።

ሥራዬን በተመለከተ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ተሰናብቻለሁ። ቤት ነኝ፤ ባለቤቴ አሁን ታናግረኛለች። የአየር ትንበያዋን ሴት አግኝቻታለሁ፤ ያችን ደብዳቤ መጻፍ ከኮሚቴው ከብዶኝ ነበር። በአንድ መስመር መለሰችልኝ፤ ምን እንዳለች ለራሴ ይቅር።

ድርጅቱ ባለፈው ሳምንት ሰው ላከብኝ። ስምዎን እንመልሳለን፣ በምስጋና እንጽፈዋለን፣ እርስዎ ደግሞ ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ ላይናገሩ ይፈርሙ አሉኝ። ሲስተር፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሰው ንግግሩን አጥቶ እኔን በስሜ ሊደልሉኝ። ላይሰንሱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ያለ ዋስትና የሚለውን አይደለም፤ የእነሱን ድርሻ ነው። ማሳወቂያውን የፋቀ ሰው ኮዱን የመጠቀም መብት የለውም። ስለዚህ ወይ እያንዳንዱን ማሽን ከየሆስፒታሉ ያንሡ፣ ወይ ማሽኑ ለሄደበት ሁሉ ኮዱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ጉድለት እንዳለበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደታወቀ በጽሑፍ አሳውቀው አዲሱን ያስገቡ። ምርጫው ይኸው ነው አልኳቸው። ጠበቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት አየሁት።

ለሁሉም ጽፈን እናሳውቃለን ብለው ሄደዋል፤ የድርጅቱ ማሳወቂያ እናንተ ጋ ሲደርስ ይጻፉልኝ። እስካየው አላምናቸውም።

ቆጣቢው


መጋቢት 2

ወንድሜ፤

እንደምን ከረሙ። ደርሷል። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ከላይ የእርስዎ ማሳወቂያ አለ፣ ከሥር የተስተካከለበት ዓመት። ጥገናው ከጠረጴዛችን በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። አዲሱም ገብቷል። ልብስ ሰፊው ከወጡ ወር ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው እንደምትለው ቃል እየተለቀመ ነው፣ ግን ሱቁን ዘግተዋል። ደንበኛ የሚፈልገውን ሲናገር መልስ መስጠት አልቻሉም። እኔ ይህን የምጽፈው ሁሉ ነገር ተስተካከለ እንዳይሉ ነው።

ለምን ዝም አልኩ ብለው ለጠየቁኝ፣ መንገድ ሄጄ ነበር።

ማሳወቂያው ሥልሳ አንድ ሆስፒታል ደርሷል። ጥገናው በየቦታው ያሉ የሙያ ጓደኞቹን ሲጠይቅ ከሦስት ቦታ «እኛም ጋ እንዲህ ሆኖ ነበር» አሉት። ከእነሱ በአንዱ፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ስክሪኑ እንደእኛው ቆሞ አንዲት ታማሚ ሞታለች። ነርሷ አቁማለች ተባለ። ወረቀት ያነሣላት ጥገና አልነበረም፤ ፈቃዷ ተወሰደ። እሷም አመነች። ምናልባት ሳላውቀው በክርኔ ነክቼው ይሆናል ብላ፣ በራሷ እጅ ጽፋ ፈርማለች።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። ቁልፍና ዚፕ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ፀጉሯ ግን ከእኔ ይበልጥ ሸብቷል። ማሳወቂያውን ሰጠኋት። ቆማ እስከ ታች አነበበችው። መሃል ላይ ደንበኛ መጣ፤ ተመሳሳይ ቁልፎች መርጣ፣ ጠቅልላ ሰጥታ፣ ሸኝታ፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። እኔ የምትጮኽ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ውሃ ይዤ ገብቼ ነበር።

«የታወቀው ከእኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች።

«በፊት ነው» አልኳት። «ከተስተካከለ እንኳ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።»

ወረቀቱን አጥፋ ዕቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ስለ ድርጅቱም ስለ እርስዎም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ ስሳደብ የነበርኩት። እሷ የነገረችኝ ስለ እናቷ ነው። አብረው ነው የሚኖሩት። እናቷ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ገደልሽ» ብለዋት አያውቁም፤ ግን ሲታመሙ መድኃኒታቸውን ከእሷ እጅ አይቀበሉም። ጎረቤት ጠርተው ነው የሚወስዱት።

የድርጅቱን ወረቀት ለእናቷ ማሳየት አትፈልግም፤ አራት ዓመት የዋሹ ሰዎች ወረቀት ነው ትላለች። ከእርስዎ ነው የምትፈልገው። ይቅርታም ማብራሪያም አልጠየቀችም። መቼ ጻፉት፣ መቼ መጥፎ መሆኑን ተነገረዎት፣ መቼ አስተካከሉት፣ ቀኖቹን። የሞተችው ሴት የሞተችበትን ቀን እኔ ከሥር ጽፌልዎታለሁ፤ እሱንም በተራው ቦታ ያስገቡት። መጨረሻ ላይ እውነተኛ ስምዎን ይፈርሙ።

አድራሻዋ ከፖስታው ጀርባ ነው። ሰፋ ሰፋ አድርገው ይጻፉት፤ የእናቷ ዓይን ደክሟል፣ እሷ ደግሞ ራሳቸው እንዲያነቡት ነው የምትፈልገው።

ሲስተር